የሴቶች መብት ዕርምጃ እስከ ጓዳ ሲለካ

በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቅጽ አለ። ከራስጌው «የቤተሰቡ ኃላፊ ስም» የሚል መሥመር ይገኝበታል፤ ከሥሩም «የቤተሰቡ ብዛት» የሚል ሌላ መሥመር ይከተላል። በመጀመሪያው መሥመር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወንድ ስም ይጻፋል፤ በሁለተኛው ላይ ስድስት ወይም ሰባት የሚል አኃዝ ይሰፍራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቤት በመንግሥት ዘንድ የሚታወቀው በዚያ ስምና በዚያ አኃዝ ነው። ሚስቲቱ በአኃዙ ውስጥ አለች፤ ልጂቱም በአኃዙ ውስጥ አለች፤ ስማቸው ግን የለም።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ቅጽ ነው። አንድ አገር በሴቶች መብትና በእኩልነት ረገድ ወደ ፊት መራመዱ ወይም ባለበት መቆሙ በምን ይታወቃል? ሚዛኑስ የት ላይ ሲደርስ ያጥራል? ምሳሌውን ከሩቅ አገር አናመጣም፤ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ያለውን እናያለን።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወራት ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት የተጓዘ ሰው ሥራው በማን እጅ እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ያየዋል። ቀዩን እሸት ከዛፉ የሚለቅሙ ሴቶች አሉ፤ በአልጋ ወይም በደጅ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ የሚያደርቁ፥ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሮጠው የሚሸፍኑ ሴቶች አሉ፤ ጀንፈሉ ከተቀሸረ በኋላም በመጋዘን ውስጥ ተቀምጠው የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ አንድ ባንድ የሚለዩ ሴቶች አሉ። ይህ ሁሉ ድካም አልፎ ቡናው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ደረሰኙ የሚቆረጠው በአባሉ ስም ነው፤ አባሉም እንደ ልማዱ የቤቱ ባል ነው። የትርፍ ክፍፍል በሚሰጥበት ቀንም ስሙ የሚጠራው እርሱ ነው። ደረሰኙ ሐሰት አልጻፈም፤ ኪሎውም ልክ ነው፥ ዋጋውም ልክ ነው። ነገር ግን ያን ደረሰኝ ይዞ «የዚህ ወረዳ ሴቶች ከቡና ምን ያህል ገቢ አገኙ?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም መልስ አያገኝም፤ ጥያቄው ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ መልስ ሊኖር አይችልምና።

ይህ «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ከልማድ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን፥ ሚስትም በሕግ በተፈቀደ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። የጋብቻንም ዕድሜ ለሙሽራው 18፥ ለሙሽራይቱ 15 ዓመት አድርጎት ነበር። እንግዲህ የዚያ ዘመን ጸሐፊ ቅጽ ሲያዘጋጅ የባልን ስም ከላይ ቢያኖር ሕጉን መከተሉ ነበርና አይወቀስም። በዚያው ዘመን ግን ሌላ በር ተከፍቶ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶችም እንዲመርጡና እንዲመረጡ በመፍቀዱ፥ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በፓርላማ የመጀመሪያዪቱ ሴት ተመራጭ ሆነው ገብተዋል። አንዲት ሴት ለሕዝብ ሕግ እንድታወጣ ተፈቅዶላት ሳለ በገዛ ቤቷ የባል ታዛዥ እንድትሆን መደረጉ የዘመኑ ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን፥ በተለይም መሬትን በሚመለከት የማስተዳደር፥ የመቈጣጠር፥ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አስተዳደር ረገድ እኩል መብት አላቸው አለ፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ። ጅማ የምትገኝበት የኦሮሚያ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በዚህ ዐይነት የቤተሰብ ራስነት ሥልጣን ከሕጉ መጽሐፍ ወጣ። ከቅጹ ግን አልወጣም። አንባቢ ሆይ፤ የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ሕግ የሻረውን ሹመት ወረቀት ይዞት ይኖራል።

ለቆጠራ ሥራ ቤቱን የሚወክል አንድ ሰው ማስፈለጉን አንክድም። ቆጣሪው ከበር ደርሶ «የዚህ ቤት ሰው ማነው?» ሳይል ሊቆጥር አይችልም። ጥፋቱ የሚጀምረው ቤቱን ለቆጠራ የወከለው ሰው ለጥቅሙም፥ ለመሬቱም፥ ለድምፁም ብቸኛ ባለመብት ተደርጎ ሲያዝ ነው።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ ከዚህ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት። በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማናቸውንም ዐይነት ልዩነት ለማስወገድ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው በታኅሣሥ ወር 1972 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ያጸደቀችው ጳጉሜን 5 ቀን 1973 ዓ.ም. ሲሆን በማግሥቱ እንቍጣጣሽ ነበር። የስምምነቱ 18ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ አባል መንግሥት መጀመሪያ ባንድ ዓመት ውስጥ፥ ከዚያም ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ምን እንደ ሠራ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። ጽሑፉን የሚመረምሩት 23 ባለሙያዎች ናቸው፤ የመንግሥቱን መልእክተኞች ፊት ለፊት ይጠይቃሉ፥ በመጨረሻም የተመሰገነውንና የጐደለውን ለይተው ይጽፋሉ። የኢትዮጵያ ስምንተኛ ሪፖርት በጄኔቭ የተመረመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሌላ በአፍሪካ ኅብረት በኩል በማፑቶ ከተማ የወጣውን የሴቶች መብት ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ እርሱም የራሱ ሪፖርት አለው።

በጄኔቭ የሚቀርበው ጽሑፍ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይጻፋል፤ የሚኒስቴሩ አኃዝ ከክልል፥ የክልሉ ከዞን፥ የዞኑ ከወረዳ፥ የወረዳው ከቀበሌ ይመጣል። በቀበሌ ደግሞ ከላይ የተናገርንለት ቅጽ አለ። ሐያ ሦስቱ ሊቃውንት በሴቶች የመሬት ይዞታ ላይ ጥያቄ ቢያነሡ፥ መልእክተኛው ሊመልስ የሚችለው በሰርቦ ወይም በአሰንዳቦ የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት በመሥመሩ ላይ ያሰፈረውን ያህል ብቻ ነው። የሚሸፈነውም ሰው ጥቂት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በጅማ ዞን 1,235,628፥ ለብቻዋ በተቆጠረችው በጅማ ከተማም 60,136 ሴቶች ተገኝተዋል።

ከመለኪያዎች ሁሉ የሚቀልለው በከፍተኛ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሴቶች መቍጠር ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ቍጥር ከመቶ 22 ገደማ ነበረ፤ በ2002 ዓ.ም. ወደ 28፥ በ2007 ዓ.ም. ወደ 39 ገደማ ወጣ፤ ይኸውም ከ547ቱ መቀመጫ 212ቱ ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት እኩሌታው ሴቶች ሆነ፤ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዪቱ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፥ እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚሁ ሥልጣን ቈዩ። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ሴት ልጅ ልትደርስበት የማትችለው ቦታ እንደሌለ ያሳያልና። ሆኖም የጅማን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የንጉሥ አባ ጅፋር እናት ጉሚቲ በልጃቸው መንግሥት ምን ያህል ቃላቸው ይሰማ እንደ ነበር ያስታውሳል። የእርሳቸው ቃል መሰማቱ በሂርማታ ገበያ ተቀምጣ ትሸጥ የነበረችውን ሴት መብት አይነግረንም። የወንበር ቍጥር የእልፍኝ ቍጥር ነው፤ ለእንግዳ ፈጥኖ ይታያል። እኛ የምንፈልገው ግን ጓዳውን ነው።

ወደ ጓዳ ለመግባት ከተሞከረባቸው መንገዶች አንዱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ሙሉው ጥናት በ1992፥ በ1997፥ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተደርጓል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዐጠር ያለው ተደግሟል። የዚህ ጥናት ብልኀቱ የቤቱንና የሴቲቱን መጠይቅ መለየቱ ነው። አንደኛው ስለ ቤቱ ይጠይቃል፤ ጣራው ምንድን ነው፥ ውሃው ከየት ይቀዳል፥ ስንት ሰው ያድርበታል ይላል። ሁለተኛው ግን ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49 የሆነችውን ሴት ራሷን ፈልጎ፥ ስለ ራሷ የሚጠይቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት 16,650 ቤቶች ተጐብኝተው 15,683 ሴቶች በዚህ ዐይነት መልሰዋል። በባላቸው አፍ ሳይሆን በገዛ አፋቸው የመለሱ ናቸው።

ከዚህ የተገኘው አኃዝ ብዙ ያስተምራል። ትምህርት ቤት ከቶ ያልገቡ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 75 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 48 ሆኑ። በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፥ ከሦስት ዓመት በኋላም 48 ደረሱ። እነዚህ በቀጥታ የሚነበቡ አኃዞች ናቸው። የማይነበቡም አሉ። የሴት ልጅ ግርዛት የተፈጸመባቸው ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 80፥ በ1997 ዓ.ም. 74፥ በ2008 ዓ.ም. 65 ነበሩ። ይህን ያየ ሰው በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አምስት ብቻ ቀነሰ ብሎ ሊያዝን ይችላል። ነገር ግን የአርባ አምስት ዓመት ሴት የተገረዘችው በልጅነቷ ነው፤ ዛሬ የወጣ ሕግ የትናንቱን አይመልስላትም። ስለዚህ ዕድሜን መለየት ያስፈልጋል። በዚሁ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ45 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ከመቶ 75 ሲሆኑ፥ ከ15 እስከ 19 ካሉት ግን 47 ናቸው። የለውጡ መጠን የሚታየው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። የዞንና የወረዳ ሪፖርት ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት ቢያስተውሉ ያለ ምክንያት ከማዘንም ያለ ምክንያት ከመደሰትም ይድኑ ነበር።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሴቶቹ «ወጥ ብታሳርር፥ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፥ ልጆቿን ችላ ብትል ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነውን?» ተብለው ተጠይቀው፥ ቢያንስ ባንዱ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 85 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 63 ሆኑ። ወንዶቹ በ2008 ዓ.ም. ሲጠየቁ እንዲህ ያሉት 28 ብቻ ናቸው። ታዲያ ከሚመታው ይልቅ የምትመታው ትሩን ደገፈች ማለት ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ ወንዱ ለእንግዳ ጠያቂ የሚገባውን መልስ ያውቃል፤ ሴቲቱ ግን የምትኖርበትን ተናገረች። በዚያው ዓመት ስለ ግፍ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠየቀ ጊዜ፥ ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች ከመቶ 34ቱ ከባላቸው የአካል፥ የወሲብ ወይም የመንፈስ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥናቶች ይህ አኃዝ አልነበረም፤ ዱላው ግን እንደ ነበረ ማንም አይጠራጠርም።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ፤ በዚህ ንግግር ልናስረዳው የምንፈልገው ነገር ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በዚያ ነውና። በ1998 ዓ.ም. ግድም የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በኅብረት አንድ የወጣቶች ጥናት ጀመሩ። ጥናቱ የተደረገው በጅማ ከተማ፥ በዬቡ፥ በሰርቦና በሼኪ ከተሞች፥ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉት ገጠሮች ነው። ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ከ2,000 በላይ ልጆች ተጠየቁ። ምሁራኑ እንደ ማናቸውም ጥናት ስለ ቤቱ ጠየቁ፤ በዚህ ቤት የምግብ እጥረት አለን? ብርቱ ነውን? ብለው መዘገቡ። በዚህ ግን አልቆሙም። ልጆቹን ለየራሳቸው «አንተስ? አንቺስ?» ብለው ጠየቁ።

ውጤቱ በ2000 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ወንዶቹና ሴቶቹ ልጆች የሚኖሩባቸው ቤቶች ባንድ ዐይነት ችግር ላይ ነበሩ፤ ብርቱ እጥረት ባለበት ቤት የመገኘታቸው ዕድል እኩል ነበር። በቤት ደረጃ የተሞላው ቅጽ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «በወንድና በሴት መካከል ልዩነት አልተገኘም» ተብሎ በዘመናዊ የእኩልነት ሠንጠረዥ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሪፖርቱም ይመሰገን ነበር። ልጆቹ ለየራሳቸው ሲናገሩ ግን ምግብ ጐደለብን ያሉት ሴቶቹ ይበዙ ነበር። ልዩነቱም የሰፋው እጥረቱ በበረታባቸው ቤቶች ነው። ምናልባት የሴቶቹ ቤቶች በሌላ ነገር ይለያዩ ይሆን ተብሎ፥ ባንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ወንድምና እኅት ተወዳደሩ፤ ያም ሲሆን ያው ሆነ። ምግብ የጐደላቸው ልጆች ደግሞ መታመማቸውንና መድከማቸውን ይበልጥ ይናገሩ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር ቀስ ብለን እናስብበት። ያቺ እኅት ከማድቤቱ የምትውለው እርሷ ነች፤ እንጀራውን የምትጋግረውና ወጡን የምትሠራው ከእናቷ ጋር እርሷ ነች። ለምግቡ ከወንድሟ ይልቅ ቅርብ ነች። ሆኖም የራቃት እርሷን ነው። በዚያ ቤት «ልጂቱን እናስርብ» ብሎ የመከረ ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ ወላጆቿን ክፉዎች ናቸው ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። እናቲቱ ሲያንስ ከራሷ ትቀንሳለች፤ ልጂቱም ከእናቷ ታያለች። በጥጋብ ጊዜ የማይታወቅ ልማድ በእጥረት ጊዜ ይፈርዳል። ሕግም ፖሊስም ሊያየው የማይችል አድልዎ ነው። ያየው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም በቤቱ ስም ሳይሆን በልጂቱ ስም የቀረበ ጥያቄ ነው።

ቅጽ መብትን ማሳየት ብቻ ሳይሆን መስጠትም እንደሚችል የመሬት ይዞታ ምስክር ወረቀት ታሪክ ያስረዳል። በአገራችን ይህ ምስክር ወረቀት በስፋት መሰጠት የጀመረው በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ የሚጻፈው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። በአማራ ክልል ግን ቆየት ብሎ ሲጀመር የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው እንዲወጣ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 456 ደግሞ መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ሲሆን ምስክር ወረቀቱ በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ሁለቱን አሠራር አስተያዩ፤ መሬቱ ያው መሬት ነው፥ የሚያርሱትም ያው ገበሬዎች ናቸው። ነገር ግን ባል የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ከሽማግሌ ፊት ወይም ከፍርድ ቤት ስትቆም በአንደኛው አሠራር ምስክር ትፈልጋለች፤ በሁለተኛው የገዛ ፎቶግራፏን ታወጣለች።

በቡና አገር ይህ ነገር ከእህል አገር ይልቅ ይከብዳል። የጤፍ ማሳ በዓመቱ ይታጨዳል፤ የቡና ዛፍ ግን ተተክሎ ዓመታት ይጠበቃል፥ ከዚያም ለብዙ ዘመን ይለቀማል። ባሏን ከዐሥር ዓመት በፊት ያገባች ሴት በሁለት እጇ የተከለችው ቡና ፍሬ በሚሰጥበት ጊዜ ከቤቱ ብትወጣ፥ ትታው የምትሄደው የአንድ ዓመት አዝመራ አይደለም። ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት ደግሞ ቅጹ ለሁለት ስም ብቻ ቦታ ካለው ሌላዪቱ ሴት ከነልጆቿ ከወረቀቱ ውጭ ትቀራለች። እንዲህ ያለው ጋብቻ መልካም ነው ወይም አይደለም የሚለው ክርክር ሌላ ነገር ነው፤ የተከለችው ቡና ግን አለ።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብም እንዲሁ ነው። በሕጉ ሴት አባል እንዳትሆን የሚከለክል ነገር የለም። ብዙ ጊዜ የሚከለክላት «ካንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል» የሚለው ያልተጻፈ አሠራር ነው። በዚህ ዐይነት መዝገብ ውስጥ የሚገኙት ሴቶች ባሎቻቸው የሞቱባቸው ወይም የተፋቱ ይሆናሉ፤ ሪፖርቱ «ሴት አባላት ይህን ያህል ናቸው» ሲል ሚስቶችን የሚጨምር ይመስላል እንጂ አይጨምርም። ከቶውንም አኃዙ ሲያድግ የሴቶች መብት አደገ ማለት ነው ወይስ ባል የሞተባቸው በዙ ማለት ነው? «ያገባች» እና «ያላገባች» የሚል አንድ ተጨማሪ ዐምድ ይህን ግራ መጋባት ያስወግደዋል።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ጨምረን ወደ ፍጻሜው እንሄዳለን። ሕጉ ጋብቻን በ18 ዓመት ካደረገ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፥ በ2008 ዓ.ም. ጥናት፥ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ 18 ሳይሞላቸው እንዳገቡ ተናግረዋል። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ሁለቱን አኃዞች ባንድነት ማንበብ ይገባል። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር የልጂቱ ዕድሜ አባቷ ያለው ነው፤ የመዝገብ ሹሙም ቁመቷን አይቶ ከመገመት በቀር የሚያደርገው የለም። የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ተወልዳ የተመዘገበች ልጅ 18 ዓመት የሚሞላት በ2026 ዓ.ም. ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ከጋብቻ በፊት ዕድሜዋን ለሚጠይቅ ሁሉ የተወለደችበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት አላት ማለት ነው። ከእርሷ የሚቀድሙት እኅቶቿ ግን ይህ ወረቀት የላቸውም፤ ለእነርሱ የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርድ እየተፈለገ መታየት አለበት።

እንግዲህ ይህን የሚያነቡት እርስዎ በዞን ወይም በወረዳ፥ በግብርና ወይም በጤና ጽሕፈት ቤት ቅጽ የሚያዘጋጁ ወይም የሚያስሞሉ ከሆኑ፥ የሚጨምሩት ነገር ከሁለት መሥመር አይበልጥም። «የቤተሰቡ ኃላፊ» ከሚለው ሥር የባለቤቱ ስም በሙሉ እንዲጻፍ ቢያደርጉ፥ «ሽያጩን የተቀበለው ማነው?» የሚል ጥያቄ ቢያስገቡ፥ መልሱንም ከሁለቱም ቢቀበሉ፥ ቅጹ ባንድ ገጽ እንኳን አይረዝምም። የሚከብደው አጠያየቁ ነው። ስለ ምግብና ስለ ገንዘብ የሚጠየቀው ለየብቻ ቢሆን ይሻላል፤ ስለ ጥቃት የሚጠየቀው ግን ለየብቻ ካልሆነ ከቶ አይጠየቅም። ከላይ ያነሣነው የጤና ጥናት በዚህ ረገድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ካንድ ቤት ለዚህ ጥያቄ የምትመረጠው አንዲት ሴት ብቻ ነች፥ የተጠየቀችውንም ሌሎቹ አያውቁም። ይህን ደንብ ያላወቀ ቸኳይ ጠያቂ ባልየው ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ሳለ ሚስቲቱን «ይመታሻልን?» ቢላት «አይመታኝም» የሚል መልስ ይጽፋል፤ እርሱ ከወጣ በኋላ በዚያ ቤት የሚሆነው ደግሞ በቅጹ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ባልየው ወይም አማቲቱ ወይም ነገር የሚገባው ልጅ በአጠገቧ ካለ፥ ጠያቂው ያን ገጽ ባዶውን ትቶ ወደ ሚቀጥለው ይለፍ፤ በኅዳጉም «ብቻዋን አልተገኘችም» ብሎ ይጻፍ።